ባለቤት የሌለው ሀሳብ

የእህቴ ባል ጥርስ ሠሪ ነው። ሐኪም ማለቴ አይደለም። ሐኪሙ ይነቅላል፣ እሱ ይተካል። ከክሊኒኩ ጀርባ፣ መስኮቷ ግድግዳ በምታይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጀሶ ያቦካል፣ ሰም ያቀልጣል፣ ሮዝ ድድ ይቀርጻል። መደርደሪያው ላይ የሰው ሁሉ መንጋጋ በጀሶ ተገልብጦ፣ ስም ተጽፎበት ተኮልኩሏል። ሥራውን ያውቃል፣ ይህን ጠላቱም አይክደውም። የሚያስቸግረው ማወቁን ማወቁ ነው። አብረን መንገድ ስንሄድ አንዲት አሮጊት ፈገግ ካለች ክርኔን ጎሰም ያደርገኝና፣ «ዋርሳዬ፣ ያ ሳቅ የእኔ ነው» ይለኛል። ለቅሶ ቤት እንኳ ገብቶ አልቃሿን ሲያጽናና ዓይኑ አፏ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሟቹን አይቶ «አይ፣ የላይኛው የእኔ ሥራ ነበር፣ አብሮት መግባቱ ነው» ብሎ ከልቡ አዘነ።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በስተእርጅናው መጀመሪያ «እኔ የሚባል ነገር የለም» ብሎ የተነሳው።

ነገሩ የጀመረው በጆሮው ነው። ጥርስ የሚሞርድበት ሞተር ዕድሜውን ሙሉ ሲያፏጭበት ኖሮ፣ በመጨረሻ ፉጨቱ ጆሮው ውስጥ ቤት ሠርቶ ቀረ። እንቅልፍ አጣ። እህቴም አብራ አጣች፣ ምክንያቱም እሱ ሲገላበጥ አልጋው ያቃስታል፣ አልጋው ሲያቃስት እሱ ይራገማል። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ አዝናለት፣ «ኪኒን ከምሰጥህ ይህን አድምጥ፣ ድንጋይ ያስተኛል» ብላ ስልኩ ላይ አንድ ትምህርት ጫነችለት። ድምፁ የረጋ አንድ ሰው የቡድሃን የአእምሮ ትምህርት ያስረዳል። «ድምፅ አለ» ይላል ሰውዬው፣ እንደ ማር እየተንጠባጠበ። «መስማትም አለ። ሰሚ ግን ብትፈልገው አታገኘውም።»

ሰሚው ሲጠፋ የእህቴ ባል ተኛ። እህቴም ተመስገን ብላ ተኛች።

በዚህ ቢበቃ ጥሩ ነበር። ግን ትንሽ ቆይቶ ሰውዬው ነቅቶም ማዳመጥ ጀመረ። ሞተሩን እያሽከረከረ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ቀኑን ሙሉ ያንን ማር ያስንጠባጥባል። ማታ ደግሞ የሰማውን ይዞ ቤት ይገባል።

«ሰው ማለት አምስት ክምር ነው» አለን አንድ ቀን ራት ላይ። «አካል አለ፣ ስሜት አለ፣ ለይቶ ማወቅ አለ፣ ዝንባሌ አለ፣ ንቃት አለ። አምስቱን ዘርዝረህ ስትጨርስ 'እኔ' የሚባል ስድስተኛ አይተርፍም።» ከዚያ ከኪሱ አንድ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ አውጥቶ ሳህኑ ጎን አስቀመጠ። «ይኼን እዩ። ጥርሶቹን አንድ በአንድ ባወጣ፣ ድዱን ብፍቅ፣ ሽቦውን ብፈታ፣ ጥርስ ያልነው ነገር የት ሄደ? ስም ብቻ ነው። እኔም እንደዚሁ ነኝ።»

«ተፈታተህ ስትጨርስ ጠረጴዛውን ጥረግልኝ» አለችው እህቴ።

እህቴ አዋላጅ ነርስ ናት። ስታዋልድ ውላ፣ ደም ስታጥብ ውላ፣ «ግፊ! ግፊ!» ስትል ጉሮሮዋ ደርቆ ነው የምትመጣው። እሱ ግን ፍልስፍናውን ከሷ በቀር የሚሞክርበት ሰው አልነበረውም። ቧንቧ ክፍት ትቶ ሄዶ ወጥ ቤቱ ሲጥለቀለቅ፣ «ማነው ያልዘጋው?» ብላ ጮኸች።

«አለመዘጋት ተከስቷል» አላት በተረጋጋ ድምፅ።

«ምን?»

«አሁን ደግሞ ቁጣ እየተነሳ ነው። ተመልከችው። ይነሳል፣ ይቆያል፣ ይወርዳል። ባለቤት ግን የለውም።»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ!» አለች መወልወያውን እያነሳች። «ያንተም ባለቤት እኔ ነኝ! እኔ በየቀኑ ሰው አዋልዳለሁ፣ እስከዛሬ ግን የሌለ ሰው አዋልጄ አላውቅም። እንካ፣ ወልውል!»

ወለወለ። እየወለወለም «መወልወል አለ» እያለ ሲያጉረመርም ሰምቼዋለሁ።

ቅጽል ስሙን ያወጣለት የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሠራተኛ ነው። በሩን አንኳኩቶ፣ «ጌታው አሉ?» ሲል የእህቴ ባል ከሳሎን ሆኖ፣ በታላቅ እርጋታ፣ «የለሁም!» አለው። ቆጣሪ አንባቢው «ታዲያ ማን ነው የመለሰልኝ?» ብሎ ጠየቀ። የእህቴ ባል በደስታ በሩን ከፍቶ፣ «ጥያቄው እሱ ነው!» ብሎ ሊያቅፈው ነበር። ሰውዬው ቆጣሪውን ሳያነብ ሸሸ፣ ወሬውን ግን ለመንደሩ አደረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «አቶ የለሁም» ይለዋል። እኔም ከዚህ በኋላ እንዲሁ ልበለው።

እኔ የምሠራው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። መጽሐፍ አውሳለሁ፣ ያልመለሰውን እለማመጣለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ወንበር እደረድራለሁ። ቅዳሜ የሚያስተምሩት አንድ ጡረታ የወጡ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው። የሚያስተምሩት ፌኖሜኖሎጂ የሚባል የፍልስፍና ዘርፍ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሁልጊዜ ከሰው ወንበር ይበልጣል። «ዓለም በእውነት አለች ወይስ የለችም የሚለውን ለጊዜው በቅንፍ እናስቀምጠው» ይላሉ፣ በሁለቱም እጃቸው ጣቶች አየር ላይ ቅንፍ እየሳሉ። «እንዴት እንደምትታየን ብቻ እንግለጽ።» ወንበሩን በቅንፍ ያስቀምጣሉ፣ ጠረጴዛውን በቅንፍ ያስቀምጣሉ፣ አንድ ቀን እኔንም በቅንፍ አስቀምጠውኝ ሻይ ሳልጠጣ ዋልኩ። ሰው «ጋሽ ቅንፍ» ይላቸዋል። ያውቃሉ፣ ቅርም አይላቸውም፣ ሊቅ ያለ ቅጽል ስም አይኖርም ብለው ያምናሉ።

ጋሽ ቅንፍ የላይኛው ጥርሳቸው አልቆ ወደ ክሊኒኩ ሲሄዱ ከአቶ የለሁም እጅ ወደቁ። ልክ ሊወስድላቸው፣ ሊጥ የመሰለ ነገር የሞላበት የብረት ማንኪያ አፋቸው ውስጥ ከቶ፣ እስኪደርቅ «አይናገሩ፣ በአፍንጫ ይተንፍሱ» አላቸው። አንድ ፈላስፋ አፉ ተይዞ መቀመጡ ለአቶ የለሁም በሕይወቱ የማያገኘው አጋጣሚ ነው። ስለ አምስቱ ክምር፣ ስለ ሰሚ አለመኖር፣ ዓይንና ቀለም ሲገናኙ ማየት ስለመነሳቱ፣ ሁሉንም ነገራቸው። ጋሽ ቅንፍ ዓይናቸው እየፈጠጠ፣ «ኧኧ! ኧኧ!» ይላሉ። የእህቴ ባል መስማማት መስሎት ቀጠለ። ማንኪያው ሲወጣ ጋሽ ቅንፍ ምራቃቸውን ሳይጠርጉ፣

«እኛም እኮ እንዲሁ ነው የምንለው! ንቃት ባዶውን አይገኝም፣ ሁልጊዜ የአንድ ነገር ንቃት ነው። ማየት ካለ የሚታይ አለ!» አሉ።

«የሚታይ አለ፣ የሚያይ ግን የለም» አለ አቶ የለሁም።

«ቆይ፣ ቆይ። መታየት ካለማ የሚታይለት አለ።»

«የሚታይለት ያሉትም ሲያዩት ሌላ መታየት ነው ጋሼ።»

ተፋጠጡ። ከዚያ ተቃቀፉ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ጋሽ ቅንፍ ለአንድ የላይኛው ጥርስ ሌላው ሰው ለሁለት መንጋጋ የማይመላለሰውን ያህል ተመላለሱ። አቶ የለሁም ሰሙ ላይ ጥርስ እየተከለ ይሰብካል፣ እሳቸው የጀሶ መንጋጋ እያገላበጡ ይቀንፋሉ። «ይህን ጥርስ መጀመሪያ እንደ ባዕድ ነው የሚያውቁት» ይላቸዋል። «ምላስዎ ሲዳብሰው ይውላል። በኋላ ግን ይጠፋል። ዳቦውን እንጂ ጥርሱን አያውቁትም።» እሳቸው ደግሞ፣ «ትክክል! አካል ማለት እሱ ነው! የምናየው ነገር ሳይሆን የምናይበት!» ብለው ጭኑን ይመቱታል። በነጻ ነው የሠራላቸው። «በእውቀት ከፍለዋል» አለን። እህቴ «ታዲያ ለመብራት ሲጠይቁን በምን እንክፈል?» አለች።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ የእህቴ ባል ረስቶት የሄደውን ምሳ ይዤ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ሁለቱ በጀሶ አቧራ ነጭ ሆነው ይከራከራሉ። በሩ ላይ ስደርስ ከውስጥ አንድ ሰው «ራበኝ» አለ። ሁለቱም ክርክራቸውን አቋረጡ። ከዚያ ዓይን ለዓይን ተያዩ፣ አንደኛው «ራበኝ!» አለ፣ ሌላው «ራበኝ!» ብሎ መለሰ፣ ጠኔ የጣላቸው መስሎኝ ሳህኑን ቶሎ አቀረብኩ። ማንም አላየውም።

«'ቆረስኩ' ስል ቆራሹ እኔ ነኝ» ይላል አንዱ።

«'ራበኝ' ስል ግን ራቢው ማነው?» ይላል ሌላው።

«ማንም! በረደኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ፣ ጨነቀኝ! ግሱ ባለቤት የለውም!»

«ሰውዬው መጨረሻ ላይ 'ኝ' ሆኖ ተንጠልጥሏል! የሚታይለት ማለት እሱ ነው!»

ምሳው ቀዘቀዘ። ቋንቋችን ራሱ ከጥንት ጀምሮ ፈላስፋ ነው ተባለ። በዓለም ያለ ሊቅ ሁሉ ይህን አጥቶ እኛ አገኘነው ተባለ። አቶ የለሁም ያን ማታ ቤት ሲገባ ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር።

አንድ ነገር ልመስክር። በኋላ ጠብ ሲነሳ ሁለቱም እኔን ምስክር ሊያደርጉኝ ስለሞከሩ የሰማሁትን እላለሁ፦ መጀመሪያ «ራበኝ» ያለው ሁለቱም አይደሉም። ድምፁ የሐኪሙ ነበር። በወዲያኛው በር አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ራበኝ፣ ወጣ ልበል» ብሎ ሄደ። ሰውዬው የራበው በእውነት ስለራበው ነው። ይህን ስነግራቸው ግን ሁለቱም ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

ጋሽ ቅንፍ ግኝቱ በአዳራሻችን ለሕዝብ ይቅረብ አሉ። ማስታወቂያውን የማዘጋጀው እኔ ስለሆንኩ ሁለቱም ከጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። ጋሽ ቅንፍ የጻፉትን ሰጡኝ። የእሳቸው ስም በትልቁ፣ ከሥሩ «በጥርስ ሠሪው ረዳትነት» ይላል።

አቶ የለሁም ጎንበስ ብሎ አነበበው። «ጋሼ፣ ረዳት የሚለው ትንሽ...»

«ትብብር እንበለው?»

«ትብብር ይሻላል። ግን የማን ስም ይቅደም?»

«ዕድሜ ይቀድማላ።»

«ስም እኮ ባዶ ነው ጋሼ፣ እኔ ለስም ብዬ አይደለም። ግን ባዶ ከሆነ የእኔ ቢቀድምስ ምን አለበት?»

«ባዶ ከሆነ የእኔ ቢቀድምስ?»

እኔ አላስችል ብሎኝ፣ «ሁለታችሁም የላችሁም ከተባለ ለምን ያለ ስም አይወጣም?» አልኩ። በጥፊ ያልኳቸው ይመስል ሁለቱም ዞረው አዩኝ። በመጨረሻ፣ ማን እንደቀደመ እንዳይታወቅ ሁለቱን ስም በክብ ዙሪያውን ጻፍኩት። ሩቅ ሆኖ ላየው ሰው የሰዓት ፊት ይመስላል። እሑድ ጠዋት አንድ ሰውዬ የቆመ የግድግዳ ሰዓት ታቅፎ መጥቶ፣ ጥገናው የሚካሄደው የትኛው ክፍል እንደሆነ ጠየቀኝ። ቅዳሜ ነው አልኩት።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። የፍልስፍና ጥማት አይደለም። መንደሩ አቶ የለሁምን ሊያይ ነው የመጣው። እህቴ ሥራ ጨርሰው የሚወጡትን አዋላጆች በሙሉ አስከትላ መጥታ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተሰየመች። ባለ ሰዓቱም ሰዓቱን ታቅፎ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ቅንፍ አዲሱን ጥርሳቸውን ለብሰው፣ አሥር ዓመት አንሰው ተነሱ። ንግግራቸው ጥሩ ነበር፣ እውነቱን ልናገር። ምሳሌውም ገባን፣ አዋላጆቹም ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣

«ይህን ያገኘሁት አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ነው» አሉ።

ከጎናቸው የተቀመጠው አቶ የለሁም ተቁነጠነጠ። «ይቅርታ ጋሼ፣ 'ያገኘነው' ለማለት ነው?»

«'ያገኘሁት' ነው ያልኩት ወዳጄ። አንተ ያኔ ሰም እያቀለጥክ ነበር።»

አቶ የለሁም ብድግ አለ። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። «ያ ሀሳብ የእኔ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ አለቀ። እህቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጋሽ ቅንፍ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው፣ በሚያናድድ ለዛ፣ «'የእኔ' የሚባል የለም ብለህ ስትሟገተኝ አልከረምክም እንዴ?» አሉ።

«ሀሳብ ባለቤት እንደሌለው ቀድሞ ያየሁት እኔ ነኝ!»

«ለአንተ ታይቶህ ነው?»

«ለእኔ ነዋ!»

«እንግዲያ የሚታይለት አለ ማለት ነው» አሉ ጋሽ ቅንፍ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ ጣታቸውን እንደ ቅንፍ ዘርግተው። «ክርክሩ አለቀ።»

አዋላጆቹ አጨበጨቡ። የእህቴ ባል ከአንገቱ በላይ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እርስዎ ከማለት ወጥቶ አያውቅም ነበር።

«አንተ ሰውዬ!» አለ። «የረታህበትን ጥርስ መልስ!»



«ምን አልክ?»

«የምትናገርበት ጥርስ የማን ሆነና ነው? ከመንጋጋህ ልክ ጀምሮ በእጄ የሠራሁት የእኔ ጥርስ ነው! የእኔ!»

ጋሽ ቅንፍ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ አውራ ጣታቸውን አስገብተው፣ ጥርሱን አወጡ። ዞረው ውሃ መጠጫው አጠገብ አስቀመጡት። እና ንግግራቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። ከአፋቸው የሚወጣው ፉፉታ ብቻ ነበር፣ አንድም ቃል አይያዝም፣ ጣቶቻቸው ግን ቅንፉን መክፈትና መዝጋት አላቋረጡም። የሚገርመው ማንም አልወጣም። ሰው እንደዚያ ተመስጦ ሲያዳምጣቸው አይቼ አላውቅም። አንዲት ሴትዮ ስትወጣ እንባዋን እየጠረገች፣ «ዛሬ ገና ገባኝ» አለችኝ። ጥያቄ ካላችሁ ሲባል ባለ ሰዓቱ ብቻ እጁን አወጣ።

አቶ የለሁም ጥርሱን በመሃረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከቶ ከእኛ ቀድሞ ወጣ። ቤት ስንደርስ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እህቴ መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ነበር የመጣችው። አየችውና ዋጠችው፣ ለእሷ ቀላል ነገር አይደለም።

«አፈርኩ» አላት።



«ሌላው ሁሉ በራሱ ይመጣል» አለ፣ ወለሉን እያየ። «ይርበኛል፣ ይበርደኛል፣ ይጨንቀኛል። ይኼ ግን 'አፈርኩ' ነው። ባለቤቱ እኔው ነኝ። ብገፋው ብገፋው አልለቅ አለኝ።»

«ጫማህን አውልቅ» አለችው። ጎንበስ ብላ ራሷ ፈታችለት።

ያን ሳምንት ጆሮው ላይ ምንም ሳይሰካ ሠራ። ጉዳዩ ግን አላለቀም፣ ምክንያቱም ጥርሱ ከኪሱ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ብርጭቆ ውሃ ተዛውሮ ሳሎን ውስጥ ያፈጥጥብናል። እህቴ በመጨረሻ፣ «ወይ አድርስ ወይ ራስህ አድርገው» አለች። ብቻዬን አልሄድም ብሎ እኔን አስከተለኝ።

ጋሽ ቅንፍ ፎቅ ላይ፣ መጽሐፍ ከወንበሩ በበዛበት አንድ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። በሩን አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ከፈቱ። ጠረጴዛቸው ላይ የቀዘቀዘ ሾርባ አለ። ለካ ከዚያ ቀን ወዲህ ደጅ አልወጡም። መጀመሪያ «ጥርስ ማጣትን ከውስጥ እያጠናሁ ነው» ለማለት ሞከሩ፣ ግን አባባላቸው እየተፉፈፈ አልወጣ ሲላቸው ተዉት። አቶ የለሁም መሃረቡን ፈታ፣ ጥርሱን አጠበ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞራቸው።

«አፍዎን ይክፈቱ» አለ። «እርስዎ» መመለሱን ሁላችንም ሰማን።

አስገባላቸው፣ ወደ ኋላ አለ፣ «ይንከሱ» አለ፣ አወጣ፣ ጫፉን በትንሽ ሞረድ ፈተገ፣ መልሶ አስገባ። ይቅርታ አልጠየቀም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ስንወጣ በሩ ላይ ቆመው፣ ቃሉ ጥርት ብሎ፣ «ሀሳቡ ግን...» ሲሉ፣ አቶ የለሁም «ደህና ይዋሉ ጋሼ» ብሎ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።

አሁን የቅዳሜው አዳራሽ ይሞላል፣ ወንበር ከሌላ ክፍል አመጣለሁ። ጋሽ ቅንፍ ሰው ፍልስፍናቸውን ወደደ ብለው ያምናሉ። እኔ ግን በር ላይ ስለምቆም የሚገባው ሰው እርስ በርሱ የሚጠያየቀውን እሰማለሁ፦ «ዛሬ ያወልቁት ይሆን?» አቶ የለሁም አንዳንዴ ይመጣል፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል፣ «ያገኘሁት» የሚል ቃል በተነሳ ቁጥር ያስላል። ሌላም አዲስ ነገር ጀምሯል። የሚሠራው ጥርስ ሁሉ ላይ፣ ድዱን በሚነካው በውስጠኛው በኩል፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ የስሙን መጀመሪያ ፊደል በመርፌ ይቀርጻል። እህቴ አንድ ቀን አጉልቶ በሚያሳየው መነጽሩ አይታው፣ «ይኼ ምንድነው?» ብትለው፣ «ምልክት አለ» ብሏት ወደ ሞተሩ ዞረ።